ሦስት መቶ ፎቶ አንድ በአንድ አይከፈትም፦ ጂምፕንና ኤክስኤንኮንቨርትን ጭኖ የማሠራት መመሪያ

ፎቶ ቤት ውስጥም ሆነ ዕቃ በቴሌግራም በሚሸጥ ሱቅ፣ ቀኑን የሚበላው ፎቶ ማሳመር አይደለም። ፋይሉን መክፈት፣ መጠኑን መቀነስ፣ የሱቁን ስም ማሳረፍ፣ በሌላ ስም ማስቀመጥ፣ መዝጋት፣ ከዚያ ቀጣዩን መክፈት ነው። አንዱ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ 300 ፎቶ 10 ሰዓት ይሆናል። ይህን ኮምፒውተሩ ለብቻው በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ብቻ ሥራው አስቀድሞ ለሁለት ይከፈል።

ዓይን የሚፈልግ ሥራ አለ፤ ፊቱ የት ላይ ይቆረጥ፣ ጨለማው ምን ያህል ይነሣ የሚለው። ዓይን የማይፈልግም አለ፤ መጠን፣ ፎርማት፣ ስም፣ ምልክት። የመጀመሪያውን ጂምፕ በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም፣ ሁለተኛውን ብዙ ፎቶ በአንዴ በሚቀይረው በኤክስኤንኮንቨርት እንሠራለን። ዓይን የሚፈልገውን ለማሽን የሰጠ አንገቱ የተቆረጠ ጉርድ ፎቶ ያትማል፤ ዓይን የማይፈልገውን በእጁ የሚሠራ ደግሞ ያመሻል።

ስለ ፈቃድ

ጂምፕ ለማንኛውም ሥራ፣ ለንግድም ጭምር ነጻ ነው። ኤክስኤንኮንቨርት ለግል፣ ለትምህርትና ለትርፍ ላልቆመ ሥራ ነጻ ሲሆን ለድርጅት ሥራ ፈቃድ መግዛትን ይጠይቃል። ፈቃድ የሚገዛበት ካርድ የሌለው ሱቅ ዲጂካምን ይጫን፤ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፣ «ባች ኪው ማኔጀር» የሚባለው ክፍሉም ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን ይሠራል። ከበድ ይላል፣ መስኮቱም ይበዛል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረውን ክራክ ፎቶሾፕ ግን አንመክርም። ለመጫን መጀመሪያ አንቲቫይረስ አጥፉ የሚል ፕሮግራም ምን ይዞ እንደሚገባ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው፤ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የደንበኛ ፓስፖርት ቅጂ ሳይኖር አይቀርም።

ጂምፕን መጫን

የቅርቡ ጂምፕ 3 ዊንዶውስ 10ን ወይም ከዚያ በኋላ የመጣውን ይፈልጋል። በዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ የ2.10 ተከታታይን ውሰዱ፤ እዚህ የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች በሁለቱም አሉ።

1. ከራሱ ገጽ፣ ከጂምፕ ዶት ኦአርጂ ብቻ ያውርዱ። ፋይሉ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ስለሆነ ኔትወርክ በየመሐሉ በሚቋረጥበት ቦታ የቶረንቱን አማራጭ ይምረጡ። ቶረንት ካቆመበት ይቀጥላል፤ በብራውዘር የሚወርደው ግን 90 በመቶ ደርሶ ሊከሽፍና ፓኬጁን በልቶ ሊቀር ይችላል።

2. መጫኛውን ከሌላ ሰው በፍላሽ ከተቀበሉ ሳይከፍቱት ያረጋግጡ። ገጹ ላይ ሻ 256 የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ተጽፏል። ሰቨን ዚፕ ካለዎት ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርገው በሲአርሲ ሻ ዝርዝር ውስጥ ሻ 256 የሚለውን ይምረጡና ሁለቱን ያስተያዩ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም ተነካክቷል፤ ይጥፋ።

3. መጫኛው ለሁሉም ተጠቃሚ ወይስ ለእርስዎ ብቻ ብሎ ይጠይቃል። የአድሚን የይለፍ ቃል በሌለዎት የቢሮ ኮምፒውተር ላይ «ለእኔ ብቻ» የሚለው ያዋጣል።

4. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ፎንት ይቆጥራል። ብዙ ፎንት በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ደቂቃዎች ሊወስድ ስለሚችል ተሰቀለ ብለው አይዝጉት፤ ከዘጉት በሚቀጥለው ጊዜ ከሀ ይጀምራል። ሁለተኛው አከፋፈት ፈጣን ነው።

አዲስ ሰው የሚደናገርበት ነገር አንድ ነው። በጂምፕ «ሴቭ» ማለት ኤክስሲኤፍ በሚባለው በራሱ ፎርማት ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ ጄፒጂ ወይም ፒኤንጂ የሚወጣው በ«ኤክስፖርት አዝ» ነው። እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ኦቨርራይት» የሚል አለ። ዋናውን ፎቶ በታረመው ይተካዋልና አይንኩት።

ኤክስኤንኮንቨርት

ከኤክስኤንቪው ዶት ኮም ይወርዳል፤ ከጂምፕ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። መጫን የማይፈልገውን የዚፕ ቅጂ ወስዶ በፍላሽ ማዞርም ይቻላል፤ ፎልደሩን ፈትቶ ፕሮግራሙን ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው።

ሦስት ፎልደር

ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ለሥራው ሦስት ፎልደር ይክፈቱ፦ «01 ዋና»፣ «02 የታረመ»፣ «03 የሚላክ»። ከስልክ ወይም ከካሜራ የመጣው 01 ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ጄፒጂ በተቀመጠ ቁጥር ትንሽ ይበላሻልና፣ ያንኑ ፋይል አምስት ጊዜ ከፍቶ የሚያስቀምጥ ሰው የፎቶውን ጥራት በገዛ እጁ እያራገፈ ነው።

ፎቶውን ከስልክ በኬብል ያምጡ። በቴሌግራም ለራስ ልኮ ማውረድ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል በተለመደው አሠራር ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። 4000 በ3000 የነበረው ፎቶ እንዲህ ካነሰ በኋላ ለትልቅ ኅትመት አይበቃም። ግድ ከሆነ እንደ ፋይል ይላክ። የአይፎን ፎቶ ኤችኢአይሲ ሆኖ እየመጣ ካስቸገረ ደግሞ በስልኩ ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ውስጥ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ማብራት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚነሣው ጄፒጂ ይሆናል።

ዓይን የሚፈልገው፦ አቆራረጥ

በጂምፕ ፎቶውን ከፍተው የመቁረጫ መሣሪያውን ይምረጡ፤ ሺፍትና ሲ አብረው ሲመቱ ይመጣል። በመሣሪያው አማራጮች ውስጥ «ፊክስድ» የሚለውን ምልክት አድርገው «አስፔክት ሬሾ» ላይ ያድርጉ። ለጉርድ ፎቶ 3:4፣ ለአሜሪካ ቪዛ 1:1 ይጻፉ። አሁን ሣጥኑን እንደፈለጉ ቢስቡት ቅርጹ አይዛባም።

ጉርድ ፎቶ ላይ ከራስ በላይ ትንሽ አየር ይተዉና ከታች ትከሻው እንዲታይ ያድርጉ። የአሜሪካ ቪዛ ፎቶ ግን በግምት አይሠራም። ዲጂታሉ ምስል አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ፣ ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክስል፣ ፋይሉ ከ240 ኪሎባይት የማይበልጥ ጄፒጂ መሆን አለበት። ጭንቅላቱ፣ ፀጉሩን ጨምሮ ከአናት እስከ አገጭ፣ የምስሉን ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መያዝ ይኖርበታል። በ600 ፒክስል ምስል ላይ ይህ ከ300 እስከ 414 ፒክስል ነው። ዓይኑ ከታች ሲለካ ከ56 እስከ 69 በመቶ መካከል ይውላል። ይህን ለማየት ከቆረጡ በኋላ በ«ኢሜጅ»፣ «ጋይድስ» ውስጥ በፐርሰንት የሚያስቀምጠውን ይምረጡና ከላይ 31 እና 44 ላይ ሁለት አግድም መሥመር ያኑሩ። ዓይኑ በሁለቱ መሐል ካልገባ ኮንትሮልና ዜድ መትተው እንደገና ይቁረጡ። መሥመሮቹ ጄፒጂው ላይ አይወጡም።

ከፍ ብሎ የተበጠረ ፀጉር ወይም አፍሮ ያለው ሰው ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት አናትን ከግንባር በላይ ገምተው ነው። ፀጉሩ ስለሚቆጠር ሣጥኑን ሰፋ ማድረግ ያሻል፤ ለዚህ ደግሞ ሲነሣ ራቅ ብሎ መነሣት አለበት። የጠበበ ፎቶ በኋላ አይሰፋም።

በዚህ ፎቶ ላይ ቆዳ ማለስለስ፣ ጠባሳ ማጥፋት፣ ጀርባውን ቆርጦ ነጭ መለጠፍ አይሞከር፤ መልክን የሚቀይር እርማት ተቀባይነት የለውም። መነጽርም ይወልቃል፤ ፎቶውም ስድስት ወር ያላለፈው መሆን አለበት። ጀርባው ላይ ጥላ የሚወድቀው ሰውየው ከግድግዳው ተጣብቆ ስለሚቆም ነው። አንድ ሜትር ያህል ወደፊት ያምጡት፤ ጥላው ከኋላው ወለል ላይ ይወድቃል፣ ለጂምፕም ሥራ አይተርፍም።

መጠኑን በ«ኢሜጅ»፣ «ስኬል ኢሜጅ» 600 አድርገው፣ በ«ኤክስፖርት አዝ» ሲወጣ ጥራቱን 90 ላይ ያድርጉ። ቅድመ እይታውን ካበሩ የፋይሉ ክብደት እዚያው ይታያል። 600 በ600 የሆነ የፊት ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ240 ኪሎባይት በጣም ያንሳል፤ ካለፈ ጥራቱን በአምስት በአምስት ይቀንሱ።

ጉርድ ፎቶውንና የሱቁን ዕቃ ግን መጠኑን ሳይነኩ በጥራት 95 ወደ 02 ፎልደር ብቻ ያውጡ። የቀረው የማሽኑ ነው።

ዓይን የማይፈልገው፦ የሱቅ ፎቶ

ኤክስኤንኮንቨርትን ሲከፍቱ ከላይ ትሮች አሉ። «ኢንፑት» ላይ 02 ፎልደርን ጎትተው ይጣሉ። «አክሽንስ» ላይ ደግሞ የሚሠሩት ነገሮች በቅደም ተከተል ይደረደራሉ፤ ተራው ራሱ ውጤቱን ስለሚቀይር እንዲህ ያድርጉት፦

1. በኤክሲፍ መሠረት ማዞር። ስልክ ፎቶውን ሁልጊዜ አያዞርም፤ «ይህ ቁም ነው» የሚል ማስታወሻ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። ማስታወሻው ሳይተገበር ከተሰረዘ ፎቶው በጎኑ ተኝቶ ይወጣል። ግማሹ ፎቶ ቆሞ ግማሹ ከተኛብዎት ምክንያቱ ይኸው ነው።

2. «ሪሳይዝ»። ሞዱን «ፊት» ያድርጉ፤ የሰው ፊት ማለት ሳይሆን «ከሣጥኑ ውስጥ አግባ» ማለት ነው። ስፋት 1280፣ ቁመት 1280 ይጻፉ፣ ምጥጥኑን ይጠብቅ የሚለውን ያብሩ፣ «ሪዱስ ኦንሊ» የሚለውንም ይምረጡ፤ አለበለዚያ ትንሹን ፎቶ ለጥጦ ያደበዝዘዋል።

3. «ወተርማርክ»፣ ማለትም የሱቁ ምልክት። ከማሳነስ በኋላ መምጣት አለበት። በፊት ከመጣ 4000 ፒክስል ፎቶ ላይ ያረፈው 300 ፒክስል ምልክት አብሮ አንሶ 96 ፒክስል ይሆናል፤ አይነበብም።

4. ሜታዳታ ማጽዳት። ስልኩ ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት ፎቶው የተነሣበትን ቤት አድራሻ ይዞ ይዞራል። ከቤቱ ለሚሸጥ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አይሲሲ ፕሮፋይል የሚባለውን የቀለም መግለጫ ግን ይተዉት፤ እሱ ከጠፋ የአይፎን ፎቶ ቀለሙ ይገረጣል።

ወደ «አውትፑት» ይሂዱ። ፎልደሩን 03 ያድርጉ፣ ፎርማቱን ጄፒጂ፣ በቅንብሩ ውስጥ ጥራቱን 82። 4 ሜጋባይት የነበረው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 200 ወይም 300 ኪሎባይት ይወርዳል፤ 1.2 ጊጋባይት የነበረ 300 ፎቶ ከ100 ሜጋባይት በታች ይገባል። ጥራቱን ከ70 በታች ማውረድ ትርፍ የለውም፤ ፊደልና ጠርዝ ዙሪያ ትንንሽ ካሬዎች ይወጣሉ።

የሐበሻ ቀሚስ ለሚሸጥ ሌላ ጣጣ አለ። ነጩ ሸማ ጥሩ ሆኖ ቀዩ ጥለት የተፈሳሰ ከመሰለ ጥፋቱ የጥራት ቁጥሩ ላይ አይደለም። ጄፒጂ ቦታ ለመቆጠብ የቀለምን ዝርዝር ከብርሃን ዝርዝር በበለጠ ይቀንሳል፤ ቀጭን ቀይ ክር በነጭ ላይ ዋና ተጎጂው ነው። በዚያው የጄፒጂ ቅንብር ውስጥ «ሰብሳምፕሊንግ» የሚለውን ከፍተኛ ጥራት ወደሚለው፣ 1x1 ወዳለበት ይቀይሩ። ፋይሉ በትንሹ ይከብዳል፤ ጥለቱ ግን ይጠራል፣ ገዢ የሚያየው ደግሞ ጥለቱን ነው።

የአማርኛ ምልክት አሠራር

ኤክስኤንኮንቨርት ራሱ ጽሑፍ ማሳረፍ ይችላል፤ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ከሌለው ግን በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ያትማል፤ በ300 ፎቶ ላይ። ስለዚህ ምልክቱን አንዴ በጂምፕ በፒኤንጂ ሠርቶ ማስቀመጥ ይሻላል። አዲስ ምስል 300 በ80 ይክፈቱ፣ በተጨማሪ አማራጮቹ ውስጥ መሙያውን ግልጽ፣ ማለትም «ትራንስፓረንሲ» ያድርጉ፣ የሱቁን ስም በነጭ ይጻፉና ፒኤንጂ አድርገው ያውጡ። ጄፒጂ ካደረጉት ግልጽነቱ ጠፍቶ ነጭ ሳንቃ ይሆናል። ኤክስኤንኮንቨርት ላይ ይህን ፋይል መርጠው ወደ ታች ቀኝ ጥግ፣ ድምቀቱን 50 አካባቢ ያድርጉ።

ለፎንት፣ በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኢብሪማ አስቀድሞ አለ። ኒያላ ከጠፋብዎት በዊንዶውስ አማራጭ ክፍሎች ውስጥ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶችን ማስጫን ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤልም በነጻ ይገኛሉ። ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ከወጣ ደግሞ በዩኒኮድ አልተጻፈም ማለት ነው፤ በድሮው የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ አጻጻፍ የቆየ ጽሑፍ ኮፒ ሲደረግ እንዲህ ይሆናል። በዩኒኮድ ኪቦርድ እንደገና ይተየብ።

ስም

በ«አውትፑት» የፋይል ስም ሣጥን ውስጥ የፈለጉትን ስም ጽፈው መጨረሻው ላይ ### ቢያደርጉ 001፣ 002 እያለ ይቆጥራል። ዜሮዎቹ ጌጥ አይደሉም፤ ያለ እነሱ ብዙ ስልኮችና ፕሮግራሞች ከ1 ቀጥለው 10ን ያመጣሉ፣ 2 ከ19 በኋላ ይሆናል። የአማርኛ የፋይል ስም በዊንዶውስ ላይ ችግር የለውም። በኦንላይን ቅጽ ለሚገባ ፎቶ ግን በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ፣ ያለ ክፍተት ይሰይሙ። አንዳንድ ቅጽ ሌላውን አይቀበልም፤ ምክንያቱንም አይነግርዎትም።

ስም ብቻ መቀየር ከሆነ ፕሮግራምም አያስፈልግም። ፋይሎቹን ሁሉ መርጠው ኤፍ 2 ይምቱ፣ አንድ ስም ጽፈው ኢንተር ይበሉ፤ ዊንዶውስ ራሱ በቅንፍ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ከተሳሳቱ ወዲያው ኮንትሮልና ዜድ ይመልሰዋል።

ስምንት ጉርድ በአንድ ወረቀት

10 በ15 ሴንቲሜትር ወረቀት በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም፣ 1181 በ1772 ፒክስል ነው፤ 3 በ4 ሴንቲሜትር የሆነው ጉርድ 354 በ472። ወረቀቱን ቁም አድርጎ ዘጠኝ ማስገባት ያጓጓል። ነገር ግን ክፍተቱ በየፎቶው ግራና ቀኝ እኩል ሲከፋፈል ጠርዝ ላይ የሚቀረው 1.7 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ብዙው ፕሪንተር ጠርዝ ላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ ስለማያትም ዳር ያሉት ይቆረጣሉ። ያለ ኅዳግ አትም ቢሉት ደግሞ ወረቀቱን ለመሙላት ሁሉንም ትንሽ ስለሚያሳድገው 3 በ4 መሆኑ ይቀራል። ስምንት ይበቃል።

በኤክስኤንኮንቨርት ሌላ የአክሽን ዝርዝር ይሥሩ፦ መጠን 354 በ472፣ ዲፒአይ 300፣ ከዚያ «ካንቫስ ሪሳይዝ» 443 በ590፣ ፎቶው መሐል ላይ። የካንቫሱን ቀለም ፈዛዛ ግራጫ ያድርጉት፤ ነጭ ጀርባ ያለው ፎቶ በነጭ ወረቀት ላይ መቀሱ የት እንደሚያልፍ አያሳይም። የወጣውን በጂምፕ ከፍተው በ«ፊልተርስ»፣ «ማፕ»፣ «ታይል» ውስጥ 1772 በ1180 ይጻፉ። አራት በሁለት ሆኖ ይደረደራል።

ሲያትሙ መጠኑ 100 በመቶ ይሁን፤ «ወረቀቱን ሙላ» የሚለው ይጥፋ። ዲፒአዩ ከተረሳና ፕሪንተሩ 72 ብሎ ከወሰደው 3 ሴንቲሜትር የነበረው ጉርድ 12.5 ሴንቲሜትር ስፋት ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያውን በተራ ወረቀት አትመው በማስመሪያ ይለኩ፤ የፎቶ ወረቀት ውድ ነው።

ማስቀመጥ፣ መሞከር፣ መብራት

ሁለቱንም የአክሽን ዝርዝሮች በፕሪሴት ለየብቻ ያስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ቀን ፎልደሩን መጣልና «ኮንቨርት» ማለት ብቻ ይቀራል። ሙሉውን ክምር ከመስጠትዎ በፊት በአምስት ፎቶ ይሞክሩት፦ አንድ ቁም፣ አንድ አግድም፣ አንድ ጨለማ፣ አንድ ነጭ ጀርባ ያለው፣ አንድ ከሌላ ስልክ የመጣ። ነጩ ምልክት በነጭ ጀርባ ላይ እንደሚጠፋ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ጥቁር ጥላ ቢጨመርበት ይድናል።

ያ ስም ያለው ፋይል ካለ ምን ይሁን የሚለውን ምርጫ «ስኪፕ» ላይ ያድርጉት፤ ስሙን ቁጥር ሳይሆን የዋናውን ፋይል ስም እንዲይዝ ካደረጉት መብራት በመሐል ቢሄድ ያለቀውን እየዘለለ ይቀጥላል። ግን አንድ ነገር አለ። መብራቱ ሲሄድ በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ ፕሮግራሙም ስሙን አይቶ ያለቀ መስሎት ይዘለዋል። ከዚህም በላይ በአንዴ ብዙ ፎቶ ስለሚሠራ የተበላሸው አንድ ላይሆን ይችላል። እንደገና ከማስጀመርዎ በፊት 03 ፎልደርን በሰዓት ደርድረው የመጨረሻዎቹን ስምንት ወይም አሥር ፋይሎች ያጥፏቸው፤ 02 ውስጥ ስላሉ በሰኮንዶች ተመልሰው ይሠራሉ።